ጎረቤት ቤት ድብደባ ሲሰማ፦ ለገላጋይ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ጎንደር ውስጥ አምስትና ስድስት ቤተሰብ ባንድ ግቢ ተከራይቶ በሚኖርበት፣ የአንዱ ቤት ግድግዳ የሌላውም ግድግዳ በሆነበትና ኮርኒሱ ከዳር እስከ ዳር ያለ ክፍልፍል በተዘረጋበት ሰፈር የኖረ ሰው፣ ጎረቤቱ ሚስቱን ሲደበድብ አልሰማሁም ቢል የሚያምነው የለም። ሁሉም ይሰማል፤ የሚቸግረው ከሰሙ በኋላ የሚደረገው ነው። አንዱ ራዲዮኑን ከፍ ያደርጋል፣ ሌላው «የባልና ሚስት ነገር ነው፣ ነገ ይታረቃሉ» ብሎ ብርድ ልብሱን ይከናነባል፣ ሦስተኛው ደግሞ ዱላ ይዞ ወጥቶ ራሱ የጠቡ አካል ይሆናል።

አገራችን ገላጋይን የማታውቅ አይደለችም። «የሰው ያለህ!» የሚል ኡኡታ ሲሰማ ነጠላን አጣፍቶ መውጣት፣ ደርሶም «በሕግ አምላክ!» ብሎ የተነሣን እጅ ማስቆም የቆየ ወግ ነው። ወጉ የሚሳሳተው በመድረሱ ሳይሆን ከደረሰ በኋላ ነው፤ ገላጋዩ እዚያው፣ በዚያው ሌሊት፣ ደሙ ሳይደርቅ ያስታርቃልና። እኔም አድርጌዋለሁ። ከዓመታት በፊት በአንድ የክረምት ሌሊት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው፣ የጎረቤታችን ረከቦት ከነሲኒው ሲንኮታኮት ሰምተን ሦስት ሆነን ገባን። ለያየናቸው። ከዚያም «አንቺም አፍሽን ሰብስቢ» ብለን፣ የተደበደበችውን ሴት የደበደባት ሰው እግር ላይ አስወድቀን ይቅርታ አስጠየቅናት፤ እኛም ሥራ እንደሠራ ሰው መርቀን ወጣን። ሊነጋጋ ሲል እጇን ሰበራት። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዋና ሐሳብ አንድ ነው፦ ገላጋይ ያለያይ እንጂ አያስታርቅ።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸውና አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት ከትዳር ጓደኛቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ሁለት ሦስተኛው ያህሉ እርዳታም አልጠየቁም፣ ለማንምም አልተናገሩም፤ እርዳታ የጠየቁት ደግሞ በብዛት የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ቤተሰብ ነው። የመጀመሪያው በር የጎረቤት በር ነው ማለት ነው።

አስቀድሞ የሚደረግ ዝግጅት

ጩኸት ከተሰማ በኋላ ስልክ ቁጥር መፈለግ አይቻልም። በሰላሙ ቀን በአቅራቢያዎ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ወይም ወደ ቀበሌው ይሂዱና በሌሊት የሚነሣውን ቀጥታ ቁጥር ጠይቀው በስልክዎ ላይ ይያዙ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ሌሊት እንቅስቃሴ በሚገደብበት ወይም መንገዱ በማያስተማምንበት ወቅት ፖሊስም አምቡላንስም ሊዘገዩ ስለሚችሉ፣ ከግቢው ወይም ከጎረቤት ግቢ ሌሊት ቢጠራ የሚወጣ ባለ ባጃጅ ማን እንደሆነ ማወቅም የዝግጅቱ አካል ነው።

ቀጥሎ ሰው ይምረጡ። ብቻውን የሚገባ ገላጋይ ለራሱም ለሴትዮዋም አደጋ ነው፤ በተለይ ወንድ ከሆነ። ቅናት የድብደባው ሰበብ በሆነበት ቤት፣ ሌሊት ብቻውን የደረሰ ጎረምሳ ጎረቤት «ምን አገባህ? ምንህ ናት?» ከሚለው ጥያቄ አያመልጥም፤ የዚህን ጥያቄ ዕዳ ደግሞ እሱ ከሄደ በኋላ የምትከፍለው እሷ ናት። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው አንድ በዕድሜ የገፉና የሚከበሩ እናት፣ አንድ ሰውዬው የሚያፍረው ትልቅ ሰውና አንድ ስልክ የሚይዝ ወጣት አስቀድሞ ተነጋግረው መገኘታቸው ነው። የእድሩ ዳኛ ወይም አከራዩ በሰውዬው ዘንድ ተሰሚ ከሆኑ ከእነርሱ አንዱ ቢጨመር መልካም ነው፤ አከራዩ የሰውዬው የመጠጥ ጓደኛ ከሆነ ግን ቢቀር ይሻላል።

ከመነሣት በፊት ያለው አንድ ደቂቃ

ድምፁን ለጥቂት ጊዜ በጥሞና ያዳምጡ። የሚያሳስበው የጩኸቱ መብዛት ብቻ አይደለም፤ ስትጮህ የነበረች ሴት በድንገት ዝም ካለች፣ የማንቋረር ድምፅ ከተሰማ፣ «እገልሻለሁ» የሚል ዛቻ ከተደጋገመ፣ ሕፃናት ወጥተው ወደ ደጅ ከሮጡ ወይም በሩ ከውስጥ ከተቀረቀረ ነገሩ ከጭቅጭቅ አልፏል። በቤቱ ውስጥ ሽጉጥ ወይም ክላሽ እንዳለ የሚታወቅ ከሆነ፣ ወይም ሰውዬው ጩቤ ወይም መጥረቢያ ይዞ ከታየ በሩን አይቅረቡ፤ ከግድግዳ ኋላ ሆነው ፖሊስ ይጥሩ፣ ሕፃናቱን ያሽሹ፣ ሌሎች ተከራዮችንም ያርቁ። ይህ ፍርሃት አይደለም፤ የሞተ ገላጋይ ለማንም አይመሰክርም።

ሕጉም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575፣ ሕይወቱ፣ አካሉ ወይም ጤናው በተቃረበና ከባድ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው፣ በራሱም ሆነ በሌላ ሰው ላይ አደጋ ሳያመጣ ሊረዳው ሲችል ሆን ብሎ ሳይረዳ የቀረን ሰው ይቀጣል። እርዳታው በቀጥታም በተዘዋዋሪም ሊሆን እንደሚችል አንቀጹ ያመለክታል፤ ስልክ መደወልም እርዳታ ነው።

እርሾ ፍለጋ

መሣሪያ ከሌለና ነገሩ ገና ከስድብና ከግፊያ ወደ ዱላ እያዘገመ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ዘዴ እናቶቻችን ሲጠቀሙበት የኖሩት ነው፦ በሩን አንኳኩቶ የማያስጠረጥር ነገር መጠየቅ። እርሾ፣ ወንፊት፣ የሙቀጫ ዘነዘና፣ ክብሪት፣ ወይም «መብራት የጠፋው በእኛ ብቻ ነው ወይስ በእናንተም?» የሚል ጥያቄ። ዘዴው ቀላል ቢመስልም አሠራሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

በሩ ሲንኳኳ በውስጥ ያለው እጅ ለአፍታ ይቆማል፤ ሰውዬው ፊቱን ማስተካከል ይኖርበታል። እናትየዋ ከደፉ ትንሽ ራቅ ብለው፣ በሩ ወደ ውጭ ቢከፈት በማይመታቸው ቦታ ቆመው፣ ሴትዮዋን በስሟ ይጥሩ፤ እሱ ቢወጣ ደግሞ ስለ ጠቡ አንድም ቃል ሳይናገሩ «ጋሼ፣ እሷን አንድ ጊዜ ይላኩልኝ፤ ሊጡ ሊበላሽብኝ ነው፣ እጇ ያስፈልገኛል» ይበሉ። እሷ ወጥታ በእናትየዋ ቤት ከተቀመጠች ዘዴው ሠርቷል። «ተኝታለች» የሚል መልስ ከመጣ ግን በዚህ አያብቁ፤ «እንግዲያው እዚሁ እጠብቃታለሁ» ብሎ ከደጃፉ በርጩማ ስቦ መቀመጥ፣ የሚያይና የሚሰማ ሰው እንዳለ ያሳውቀዋል። በጎንደር ሰፈሮች ሰው ደጅ ላይ ተቀምጦ ማየት እንግዳ ነገር ስላልሆነ ሰውዬው ክፉ ነገር ሊናገር ይቸግረዋል።

የማይደረገውም አለ። «ጩኸቱን ሰምቼ ነው» ወይም «እሷ ነግራኝ ነው» የሚል ቃል ከአፍ አይውጣ፤ እሷ እንደከሰሰችው የሚቆጥር ሰው እንግዳው ከሄደ በኋላ በእጥፍ ያስከፍላታል።

በግልጽ መግባት ግድ ሲሆን

ዱላው ከተነሣና ሰበብ የሚፈለግበት ጊዜ ካለፈ፣ ገላጋዮቹ አንድ ላይ ይውጡ፤ ከመግባታቸው በፊትም ከውጭ ሆነው በታላቅ ድምፅ «በሕግ አምላክ!» ይበሉ። በእኛ ከተማ ቃለ ምሕላው ብዙ ነው፤ «በአርባ አራቱ ታቦት!» የሚለው ልመና ብዙ የተነሣ እጅ አስቁሟል። ሙስሊም ጎረቤትን «በአላህ ይዤሃለሁ» ማለት ያው ነው። ቀጥሎ እሱን በስሙና በማዕረጉ ይጥሩት፤ ለትልቁ «ጋሼ» ወይም «አያ»፣ ለእኩያ «ወንድሜ»። ስድብና «አንተ አውሬ» የሚል ቃል ለኋላ ይቆይ። ሰው በንዴቱ ውስጥ ክብሩን የሚያድንበት መውጫ ከተሰጠው ብዙ ጊዜ ይይዘዋል፦ «ና እስቲ፣ ውጭ ንፋስ እንቀበል፤ እኔም የምነግርህ አለኝ» ማለት ከአንድ ሰዓት ስብከት ይበልጣል።

ሁለት ገላጋዮች እሱን ወደ ደጅ ሲስቡ፣ ሦስተኛዋ፣ በተለይ እናትየዋ፣ እሷንና ልጆቹን በሌላ አቅጣጫ ያውጡ። በሁለቱ መካከል ገብቶ ጀርባን ለደብዳቢው መስጠት ስሕተት ነው፤ ከጎን መቆምና የመውጫውን በር ክፍት መተው ይሻላል። ኃይል መጠቀም ግድ ከሆነ ሕጉ የሚፈቅደው ልክ አለ፦ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ራስን ወይም ሌላውን ሰው ከሕገ ወጥ ጥቃት መከላከልን አያስቀጣም፤ ነገር ግን ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቆም የማይቻል መሆኑንና መከላከሉም የተመጣጠነ መሆኑን ይጠይቃል። የተነሣን እጅ መያዝ መከላከል ነው፤ እጁን ከያዙ በኋላ መቀጥቀጥ ግን ገላጋይን ተከሳሽ ያደርጋል።

ለፖሊስ ሲደወል የሚነገር ቃል

እዚህ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ይለውጣል። «ባልና ሚስት ተጣልተው ነው» ከተባለ፣ ስልኩን ያነሣው ሰው «ይታረቃሉ» ብሎ ሊያዘገየው ይችላል። «ሰው እየተደበደበ ነው፤ ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው» ይበሉ፤ እውነቱም ይኸው ነው። ቀጥሎ ቦታውን በቤት ቁጥር ሳይሆን ሁሉ በሚያውቀው ምልክት ይንገሩ፦ ቀበሌው፣ በአቅራቢያ ያለው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ የግቢው በር ቀለም፣ ፖሊሱን ወጥቶ የሚቀበለው ሰው የት እንደሚቆም። መሣሪያ አለ ወይስ የለም፣ ሕፃናት አሉ ወይስ የሉም፣ ሰውዬው አሁን የት ነው የሚሉትንም ሳይጠየቁ ይንገሩ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው ወንጀል መፈጸሙን የማመልከት መብት እንዳለው ስለሚደነግግ፣ «አንተ ማን ነህ፣ ዘመዷ ነህ?» ለሚል ጥያቄ «ጎረቤት ነኝ» በቂ መልስ ነው።

ከተለያዩ በኋላ ያለው ሌሊት

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ሁሉም መተኛት ይፈልጋል፣ ማስታረቅ ደግሞ ወደ አልጋ የሚወስድ አቋራጭ ይመስላል። አያስታርቁ። «ልጆቹን አስቢ»፣ «ሲጠጣ ነው እንጂ ልቡ ደግ ነው»፣ «ምን ብለሽው ነው?» የሚሉት ቃላት በዚያ ሌሊት ከማንም አፍ አይውጡ። እሷና ልጆቿ እሱ ገብቶ በማይደፍረው ቤት ይደሩ፤ ከወላጆቿ ቤት ይልቅ የጎረቤት እናት ቤት የሚሻልበት ጊዜም አለ፣ ወላጆች በማግስቱ መልሰው የሚልኳት ከሆነ።

ውሃ ይስጧት፣ ጋቢ ያልብሷት፣ ከዚያ ያዳምጧት። የሚነገራት ነገር አጭር ቢሆን ይሻላል፦ «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ዛሬ እዚህ ታድሪያለሽ። ነገ የምትወስኚውን አንቺ ትወስኛለሽ፤ እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ።» ወዲያው ክሰሺው ወይም ፍቺው ብሎ መጫን፣ አንዱ አዛዥ ሄዶ ሌላ አዛዥ እንደመጣባት ያስመስላል። ተመልሳ ብትሄድ እንኳ አይቀየሟት፤ ለሚቀጥለው ጊዜ በሩ ክፍት መሆኑን አውቃ ትሂድ።

ወደ ሐኪም መቼ ይኬዳል

ደም የማይታይበት ጉዳት ያታልላል፤ ከእነዚህም ዋናው መታነቅ ነው። ጉሮሮዋን ታንቃ የነበረች ሴት አንገቷ ላይ ምልክት ባይኖርም እንኳ ድምፅዋ ከጎረነነ፣ ምራቅ መዋጥ ከከበዳት፣ በዓይኗ ነጭ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ከታየ፣ ራሷን ስታ ወይም ሽንቷ አምልጧት ከነበረ፣ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት፤ የአንገት ውስጥ እብጠትና የደም ሥር ጉዳት ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላም ሊገድል ይችላል። አንድ ጊዜ ያነቀ ሰው በኋላ የመግደል ዕድሉ ከሌላው ደብዳቢ እጅግ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ታንቃ እንደነበር ለሐኪሙም ለፖሊሱም ለይተው ይንገሩ። ነፍሰ ጡር ሆና ሆዷን የተመታች ሴት፣ ራሷን ተመትታ የምታስታውክ ወይም እንቅልፍ የሚጥላት ሴትም እንዲሁ አትቆይም። የወሲብ ጥቃት ከደረሰ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ ሲሆን ይበልጥ ይሠራል። ልብሷን ሳታጥብ፣ ሳትታጠብም ብትሄድ ለማስረጃው ይጠቅማል።

ሕክምናው ይቅደም፣ ፖሊስ የሕክምና ማስረጃ የሚጠይቅበት ደብዳቤ ይከተል። ሐኪሙ ሲጠይቅ ባልየው በአጠገቧ እንዳይቆም ማድረግ የአስታማሚው ሥራ ነው፤ «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» የሚለው መልስ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው እሱ አልጋው አጠገብ ቆሞ ሲያዳምጥ ነውና።

ያዩትን መጻፍ

ትውስታ ቶሎ ይደበዝዛል፤ ዘመድም ቶሎ ይለምናል። ስለዚህ በዚያው ሌሊት ወረቀት ይዘው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሰሙትን ቃል እንደተባለ፣ ያዩትን ጉዳት፣ አብረው የነበሩትን ሰዎች ይጻፉ። በተለይ በምን እንደመታት ይመዝግቡ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 556 መሠረት ቀላል የአካል ጉዳት በመሠረቱ የሚያስቀጣው ተበዳይዋ አቤቱታ ስታቀርብ ሲሆን ቅጣቱም ከአንድ ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። ጉዳቱ የደረሰው ግን በመሣሪያ ወይም ጉዳት ሊያደርስ በሚችል ሌላ ነገር ከሆነ፣ ወይም ተበዳይዋ ደካማ፣ በሽተኛ ወይም ራሷን መከላከል የማትችል ከሆነች፣ ቅጣቱ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ይሆናል። ከባድ የአካል ጉዳት በአንቀጽ 555 እንደ ሁኔታው ከአሥራ አምስት ዓመት የማይበልጥ ጽኑ እስራት ወይም ከአንድ ዓመት የማያንስ ቀላል እስራት ያስከትላል። አንቀጽ 564 ደግሞ እነዚህ ድንጋጌዎች በትዳር ጓደኛ ወይም ያለ ጋብቻ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ ለሚፈጸም ጥቃትም እንደሚሠሩ ያስረግጣል። «መታት» ብሎ የሚመሰክርና «በሙቀጫ ዘነዘና ትከሻዋን መታት» ብሎ የሚመሰክር ሰው በአንድ ዓይን አይታዩም።

አንድ የሕጉ ጉድለት ማወቅ ይገባል፦ የመድፈር ወንጀልን የሚደነግገው አንቀጽ 620 ድርጊቱን ከጋብቻ ውጭ ከሆነው ግንኙነት ጋር ስላያያዘው፣ ባል ሚስቱን ቢደፍር በዚህ አንቀጽ አይከሰስም። አብሮ የተፈጸመው ድብደባ፣ ዛቻና ጉዳት ግን ይከሰሳል፤ ስለዚህ እሱንም ሳይተዉ ይመዝግቡ።

በስልክ መቅረጽ የሚቻለው ሌላ ሰው እየረዳት ከሆነ ብቻ ነው፤ እየተመታች ቆሞ መቅረጽ እርዳታ አይደለም። የተቀረጸውን ለእሷ ወይም ለፖሊስ እንጂ ለማንም አይላኩ፤ በቴሌግራም የተለቀቀ ቪዲዮ ሁለተኛ ድብደባ ነው። ለፍርድ ቤቱ ሂደት ገንዘብ ከሌላት፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ እንደሚሰጥ ይንገሯት።

ሽማግሌና የነፍስ አባት

ሽምግልናን ጨርሶ አልቃወምም፤ የምቃወመው ሽምግልና ከደኅንነቷ ሲቀድም ነው። የነፍስ አባት በሰውዬው ላይ ያላቸውን ሥልጣን ማንም ገላጋይ የለውም፤ ስለዚህ አስቀድሞ ለብቻቸው ሄዶ ሁኔታውን ሳያለዝቡ ማስረዳት፣ ታንቃ እንደነበር፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ መናገር ይገባል። ሽማግሌዎቹ ሊሠሩት የሚችሉት ጠቃሚ ሥራ፣ ሰውዬው ከቤት ወጥቶ በወንድሙ ዘንድ እንዲቆይ፣ መሣሪያውን ለዘመድ እንዲያስረክብ፣ ለልጆቹ ቀለብ እንዲሰጥ ማድረግ ነው። «ክሱን ተዪ» የሚል ሽማግሌ ከመጣ ግን ምስክሩ አብሮ እንዳይታጠፍ ይጠንቀቅ።

መንገድ ላይ ሲሆን

ፒያሳ ወይም ቅዳሜ ገበያ መካከል ሰው ሲደበደብ ሕዝቡ ክብ ሠርቶ ይቆማል፤ ሁሉም ሌላው እንዲገባ ይጠብቃል። ክቡን የሚሰብረው ሰው ለይቶ መጥራት ነው፦ «አንተ ባለ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ፖሊሱን ጥራ፤ እትዬ፣ ልጁን ያዙልኝ፤ ባጃጁን አምጡ!» ስሙ ተለይቶ የተጠራ ሰው መንቀሳቀስ ይቀለዋል።

የማትጮኸዋ

በሠራተኝነት ከገጠር የመጣች ልጅ ስትደበደብ አብዛኛውን ጊዜ ኡኡ አትልም፤ የምትጠራው ሰው የላትም። ምልክቱ ሌላ ነው፦ በሙቀት ቀን ሻሽ ሸፍና እጅጌ አስረዝማ ውሃ ለመቅዳት መውጣት፣ የተቃጠለ እጅ፣ ሱቅ ስትላክ ሰዓት መቁጠር። ከአሠሪዋ ፊት አይጠይቋት፤ በሱቅ ወረፋ ላይ፣ በአጭር ቃል፣ «እኔ የዚያኛው ግቢ ነኝ፤ በፈለግሽ ሰዓት ነይ» ማለት ይበቃል።

ልትሄድ ስትወስን

ብዙ ሰው አደጋው የሚያበቃው ሴቲቱ ስትወጣ ይመስለዋል፤ ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ልትወጣ ስትልና ከወጣች በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው። ስለዚህ ውሳኔዋን እሱ እንዳያውቅ ማድረግ፣ የምትሄድበትን ቦታ ለብዙ ሰው አለመንገር፣ መታወቂያዋን፣ የጋብቻና የልጆቿን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የባንክ ደብተሯንና የመድኃኒት ካርዷን በትንሽ ፌስታል አድርጎ በጎረቤት ቤት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ፌስታሉን በእህል ጎተራ ወይም በእንጀራ መሶብ ሥር መደበቅ ከቁም ሣጥን ይሻላል።

በመጨረሻም ምልክት ይስማሙ። በግቢያችን የተስማማነው እንዲህ ነበር፦ ልጇ መጥቶ «እማዬ ወንፊት ላከችኝ» ካለ የሚወሰደው ወንፊት ነው፤ «ትልቁን ወንፊት» ካለ ግን እናትየዋ ልጁን እዚያው አስቀርተው ሁለቱን ሰዎች ይጠራሉ፣ እኔ ደግሞ ስልኩን አነሣለሁ። ልጁ ትርጉሙን አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። ቃሉን በየጥቂት ወሩ እንቀይረዋለን፤ ሰውዬውም ጆሮ አለውና።